የአጎቴን ጀልባ ፍለጋ፦ አራት ቀን በሀዋሳ ሐይቅ ዳር

ሐሙስ

ከአዳማ ስነሳ አጎቴ እስከ ውጭ በር ድረስ ሸኘኝ። እግሩን ስለሚያመው ከቤት ብዙ አይወጣም። የዚያን ቀን ግን ከዘራውን ይዞ ተከተለኝ። "ዓሣ ገበያው ጋ፣ አሞራ ገደል፣ መሄድህ አይቀርም። ጀልባዬ ካለች እያት" አለኝ። "ከኋላ ባለው ጣውላ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ሦስት ነጥብ አለ። እኔ ነኝ የተኮስኩት።"

አጎቴ ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ከ20 ዓመት በላይ መረብ ሲጥል የኖረ ሰው ነው። ያቺን ጀልባ ያሠራት በ2004 ነው። በ2010 ጤናው እምቢ ሲለው ለአንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ሸጣትና እኛ ጋ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን አላየውም። ስለ ሐይቁ ማውራት ግን አላቆመም። አዳማ ዝናብ ሲዘንብ እንኳን መጀመሪያ የሚጠይቀው ሀዋሳ ዘንቦ እንደሆነ ነው።

ሞጆ ላይ መኪና ቀየርኩ። መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ። መንገዱን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። ጥቁር ውሃ ስንደርስ መስኮቱን ከፈትኩ። የከተማዋ መግቢያ ስሙን ያገኘው ከወንዙ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ እሱ ብቻ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። ይህን አጎቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ደጋግሞ ነግሮኛል። "እዚህ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር መውጫ የለውም" ይላል። ላስቲክም ይግባ፣ አፈርም ይግባ፣ እዚያው ነው የሚቀረው ማለቱ ነው። ውሃው መውጫ ሳይኖረው ጨዋማ ያልሆነው ከሥር ወደ መሬት ስለሚሰርግ ነው ይባላል። ላስቲኩ ግን አብሮት አይሰርግም።

አልጋ ያዝኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ባጃጅ ይዤ ሐይቁ ዳር ወዳለው መዝናኛ፣ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው፣ ወረድኩ። ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። ነፋሱ ተነስቶ ውሃው ይንቦጫረቃል። ሀዋሳ ሐይቅ ጠዋት እንደ መስታወት ተኝቶ ይውልና ከሰዓት በኋላ ይነሳል፤ ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው ቀኑን የሚከፍለው በዚህ ነው። ግድቡ ላይ ተቀመጥኩ። ይህ ዛሬ ሰው ተቃቅፎ የሚንሸራሸርበት ግድብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ሞልቶ ከተማዋን ሲያሰጋ የተሠራ ነው። እዚያው ሆኜ ጀልባ ቆጠርኩ። ሞተር ያላቸው ብቻ ከ20 በለጡ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ጋ ለክረምት ስመጣ እዚህ ዳር የማስታውሰው ሦስት ወይ አራት የመቅዘፊያ ጀልባ ነበር።

ዓርብ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል ደረስኩ። ገና ጨለማ ነው። ብርድም አለ፤ ሀዋሳ ሞቃት ነው ብሎ ጃኬት ሳይዝ የሚመጣ ሰው ሐይቁ ዳር ሌሊት ይቀጣል። ዳሩ ላይ ሴቶች ሳፋ ይዘው፣ ወንዶች ማዳበሪያ ይዘው ቆመዋል። ማንም ብዙ አያወራም። ሁሉም ጆሮውን ወደ ውሃው ጥሏል።

ጀልባ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። መቅዘፊያው የጀልባዋን ጠርዝ ሲመታ ደረቅ ድምፅ አለው፣ ቋ፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ፣ ደግሞ ቋ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ድምፁን ሰምታ ብቻ "የነእንትና ናት፣ ከባድ ናት ዛሬ" አለች። እውነትም ጀልባዋ ብቅ ስትል ከወገቧ በላይ ውሃ ውስጥ ነበረች። ሴትዮዋ በምን እንዳወቀች ጠየቅኳት። ጀልባ ሲከብድ ቀዛፊው ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታው አለችኝ። ባዶ ሲመጣ ቀስ ይላል፣ የሚያስቸኩለው ነገር የለማ።

ዳር ስትደርስ ሁለት ልጆች ዘለው ወርደው ጎተቷት። ዓሣው ገና መረቡ ውስጥ ነው። መረቡ ጀልባዋ ወለል ላይ እርጥብ ሆኖ ተከምሯል፣ ሣርና ቅጠል ተጠላልፎበታል። እዚያው ከበው ተቀምጠው ማላቀቅ ጀመሩ። እኔ የአንዱን ሰውዬ እጅ ብቻ ሳይ ብዙ ቆየሁ። ዓሣው ክሩን አልፎ ሊሄድ ሲል ስንጥቡ ላይ ይያዛል። ወደ ኋላ ከጎተቱት ሥጋው ይቀደዳል። ስለዚህ ሰውዬው በግራ እጁ ዓሣውን ወደ ፊት ይገፋል፣ የጀርባውን እሾህ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያስተኛል፣ በቀኝ እጁ ጥፍር ክሩን ከስንጥቡ ሥር ያነሳና ያሾልከዋል። አለቀ። ዓሣው ሳፋ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ሌላ። መዳፉ ላይ ክሩ የሠራው ቀጫጭን መስመር ነጭ ሆኖ ይታያል። አጎቴም እጁ ላይ ይሄው መስመር አለው። እስከ ዛሬ የዕድሜ መሸብሸብ ይመስለኝ ነበር።

ሳፋው ውስጥ ያለው አብዛኛው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። አንድ ትልቅ አምባዛ አለ፣ ጢሙን እያወዛወዘ ገና ይተነፍሳል። ቆሮሶዎቹን ሳይ ግን ደነገጥኩ። ትንንሽ ናቸው። ከመዳፌ ጥቂት ብቻ የሚያልፉ ብዙዎች ነበሩ። የልጅነት ዓይን ነገር ያገዝፋል ብዬ ራሴን ልመልስ ሞከርኩ፣ ነገር ግን አጎቴ የሚያመጣውን ዓሣ እናቴ ለሁለት ቆርጣ ነበር መጥበሻ የምትከተው።

ፀሐይ ስትወጣ ወደ ዛፎቹ ሥር ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው መረብ ይጠግናሉ። የመረቡን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት ወጥረው ይዘውታል፣ በእጃቸው ክር የተጠቀለለበት የፕላስቲክ መርፌ አለ። "ጋሼ እንዴት አደሩ" ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የማን ዘመድ እንደሆንኩ ስነግራቸው መርፌውን አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ያዙኝ። "በሕይወት አለ?" አሉ። አለ ስላቸው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑና "እሱ መረቡን በጣት ነበር የሚለካው" አሉኝ።

ነገሩን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። የመረብ ዓይን ሦስት ጣት ካስገባ ትንሹ ዓሣ ያልፋል፣ ትልቁ ይያዛል። ሁለት ጣት ከሆነ ሁሉም ይያዛል። ድሮ ሦስት ጣት ነበር። ዓሣው እየቀነሰ ሲሄድ ሰው መረቡን አጠበበው፣ መረቡ ሲጠብ ደግሞ ዓሣው ጭራሽ ቀነሰ። "ቆሮሶ እናት ናት" አሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው፤ ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን የምታደርገው ዳር ላይ፣ ፊላው አካባቢ ነው። ጠባብ መረብ የሚጣለውም እዚያው ነው፣ ምክንያቱም ቅርብ ነው፣ ነዳጅም ጉልበትም አያስፈልገውም። አንዲት እናት ስትያዝ አፏ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሯት ያልቃል።

ሕጉ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ነው። ጋሼም ያውቁታል። ችግሩ ሌሊት ሐይቁ መሃል የሚቆም ሰው የለም። ማኅበር ውስጥ ያሉት መረባቸው ይታያል፣ ይመዘገባሉ። ከማኅበር ውጭ በጨለማ የሚገባው አይታይም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋም አለኝ። ሌሊት የሚገባውን ልጅ ብቻ ማሳደድ ምንም አያመጣም። ጠባቡ መረብ በጠራራ ፀሐይ ገበያ ላይ ይሸጣል። መጀመሪያ መያዝ ያለበት እዚያ ነው።

ከዚያ ቁርስ በላሁ። ጾም ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በሁዳዴ የዓሣ ዋጋ እንደሚወደድ ሻጩም ገዢውም ያውቃል። ወጣቶቹ ዓሣ ሲበልቱ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ቢላው ከጭንቅላቱ ሥር ገብቶ በአጥንቱ ላይ እየተንሸራተተ እስከ ጭራው ይሄዳል፣ ከዚያ ቆዳው ይገፈፋል፣ ሁለት ንጹህ ሥጋ ይቀራል። ገሚሱ በበረዶ ተደርጎ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጭንቅላቱና አጥንቱ ሾርባ ይሆናል። የተረፈውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይጠብቃሉ፤ እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ሰብረው በተርታ ቆመዋል። ለእኔ ጥሬውን በዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣው አረንጓዴ ነው፣ ያቃጥላል፣ ከዓሣው ቅዝቃዜ ጋር ሲገናኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰሃን ደገምኩ።

የአጎቴን ጀልባ ጠየቅኩ። ሦስት ነጥብ ያላት። ጋሼ አሁን ዓሣ የምትጭን አይመስላቸውም፣ ወዴት እንደሄደች ግን አላስታወሱም። አንዱ ልጅ "ተሰብራ ማገዶ ሆናለች" አለ። ለአጎቴ ግን ያን ማታ አልደወልኩም።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ሌላ ዓለም ነው። ሙሽሮች፣ ቤተሰብ፣ ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን የመጡ ወጣቶች፣ ጁስ፣ ባጃጅ፣ ፎቶ አንሺ። የሽርሽር ጀልባ ባለቤቶች ዳር ላይ ቆመው "ጉማሬ፣ ጉማሬ" እያሉ ይጣራሉ። እኔም ገባሁ።

የኛ ሹፌር የ30 ዓመት ገደማ ሰው ነው። ሞተሩን ሲያስነሳ ሳየው እጁ ላይ ያንኑ ነጭ መስመር አየሁ። መረብ ትጥል ነበር ወይ አልኩት። ሳቀ። አባቱም እሱም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ የሚያገኘው እየሳሳ ሲመጣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተበድረው ሞተር ገዙ። አሁን ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ቤቱ ያድራል። "ልጄ አባቷን ማታ ማታ ማየት የጀመረችው አሁን ነው" አለኝ።

ይህን ስሰማ ያሰብኩት ነገር ተቀየረ። ሀዋሳ የመጣሁት፣ እውነት ለመናገር፣ የሽርሽር ጀልባዎቹን ትንሽ ተቀይሜ ነው። የአጎቴን ቦታ የያዙ ይመስለኝ ነበር። የያዙት ግን የአጎቴ የሥራ ባልደረቦች ልጆች ናቸው። ሐይቁ ላይ መኖር አላቆሙም። እንዲያውም ሞተር አጥፍቶ መቆም የሚገባው የት እንደሆነ የሚያውቁት ዓሣ አጥማጅ የነበሩት ናቸው። የኛው ሹፌር ፊላው ዳር ከመድረሳችን በፊት ሞተሩን አጠፋና በመቅዘፊያ ቀረበ። ጉማሬዎቹ ጆሮና ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው አዩን። ማንም አልጮኸም። ከኛ ቀጥሎ የመጣችው ጀልባ ግን በሙሉ ሞተር ገባች፣ ሙዚቃም ከፍታለች። ጉማሬዎቹ ጠለቁ። የኛ ሰው ጀልባዋን ወዲያው ቀዝፎ አራቃት። ጉማሬ ሲጠልቅ የት ብቅ እንደሚል አይታወቅም፣ ከእሱ በላይ መሆን ጥሩ አይደለም አለን።

ላይፍ ጃኬት ለሁላችንም ሰጥቶናል። ይህን የምጽፈው ሁሉም ስለማይሰጥ ነው። ከዚህ በፊት በመጣሁበት ጊዜ በሌላ ጀልባ ላይ ለዘጠኝ ሰው አራት ጃኬት ብቻ ነበር፣ ከአራቱ አንዱ ማሰሪያው ተበጥሷል፣ ሕፃን የያዘች እናትም ያለ ጃኬት ነው የተሳፈረችው። ያን ቀን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አሁንም ይቆጨኛል። ይህ ሐይቅ ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ ነው የሚጠልቀው፣ ዋና ለማይችል ሰው ግን ሁለት ሜትርም በቂ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ጀልባ ይንገዳገዳል። እባካችሁ፣ ስትሄዱ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ገንዘባችሁን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።

ስንመለስ ሹፌሩ ስለ ቤንዚን ነገረኝ። አንዳንድ ቀን ሰልፍ ይዞ ሳይሠራ ይውላል። ከጎን ከገዛው ደግሞ የቀኑ ትርፍ እዚያው ያልቃል። በእንደዚያ ያለ ቀን የሚሠሩት የመቅዘፊያ ጀልባ ያላቸው ብቻ ናቸው። "እንደዚያች ማለት ነው" ብሎ በአገጩ ጠቆመኝ።

ከዋናው ማቆሚያ ፈንጠር ብሎ፣ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ በሁለት ግንድ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሰው ሥሯ እሳት አንድዶ በጣሳ ሬንጅ ያቀልጣል። በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በቢላ ጫፍ ይፍቃል፣ የተቀዳደደ ጨርቅ እየጠቀለለ በመዶሻ ያስገባል፣ ከላዩ ሬንጅ ያፈስበታል። ጣውላው ግማሹ አዲስ ነው፣ ነጭ። ግማሹ አሮጌ፣ ጥቁር። ጎንበስ ብዬ ከሥሯ ገባሁ። በስልኬ መብራት ከኋላ ያለውን ጣውላ አበራሁ።

ሦስት ነጥብ።

ሰውዬው ምን ሆንክ አለኝ። መልስ ለመስጠት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሳስረዳው ጣሳውን ከእሳቱ ላይ አውርዶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ጀልባዋን ከዚያ ወጣት የገዛት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ቀን ሰው ያንሸራሽርባታል፣ በተለይ ሞተር የሚፈሩ አዛውንቶችንና ጥንዶችን። ሳምንት ውስጥ ሁለት ሌሊት ደግሞ መረብ ይጥልባታል፣ ለቤቱም ለገበያም። ሌላውን ጣውላ ሁሉ ቀያይሮታል። ያችን አንዷን ግን ጠንካራ ስለሆነች ተዋት። ዛሬ ማታ ሬንጁ ይደርቃል፣ ነገ ሌሊት አንድ ሌላ ሰው የጣለውን መረብ ላነሳለት ቃል ገብቻለሁ፣ ከፈለግህ ና አለኝ።

እሑድ

10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌሊት፣ ተነሳን። ሦስት ነን፤ እሱ፣ የወንድሙ ልጅና እኔ። ልጁ የተቆረጠ ጀሪካን ይዟል፤ ሥራው የሚገባውን ውሃ መቅዳት ነው። አዲሱ ሬንጅ ግን ይዟል፣ ብዙ አልቀዳም።

ከዳር ስንርቅ የከተማዋ መብራት ውሃው ላይ ይንቀጠቀጣል። ታቦር ተራራ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በስተምዕራብ ያለው ዳር ኦሮሚያ ነው፣ እዚያም መብራት አለ፣ እዚያም ዓሣ አጥማጅ አለ። ይህንን መጻፍ የፈለግኩት ስለ መረብ ስናወራ የሀዋሳን ዳር ብቻ ስለምናስብ ነው። ዓሣው ወሰን አያውቅም፣ አንዱ ዳር ቢጠብቅና ሌላው ቢተው ዋጋ የለውም።

መረቡ ያለበትን የሚያሳየው የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑ ተዘግቶ ይንሳፈፋል። ልጁ ያዘው። ባለጀልባው መቅዘፊያውን ለእኔ ሰጠኝና እሱ መሳብ ጀመረ። ቀጥ አድርገህ ያዛት፣ መረቡ ላይ አትውጣ አለኝ። አልቻልኩም፤ ጀልባዋ ወደ ግራ ትሄዳለች፣ እመልሳታለሁ፣ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። እጄ ላላ። "አትታገላት፣ ራሷ ታውቃለች" አለኝ። ቀስ አልኩ። እውነትም ቀስ ስል ቀጥ አለች።

የመጀመሪያው ሃያ ክንድ ባዶ ነበር። ከዚያ አንድ ቆሮሶ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ የዱቄት ላስቲክ። አንድ አምባዛ መረቡን ጠምዝዞት ወጣ። ሲነጋ ሳፋው ግማሽ አልሞላም። ባለጀልባው ቆጠረና "ደህና ነው" አለ። ከዚያ ከቆሮሶዎቹ መካከል አንዷን አንስቶ አፏን በጣቱ ከፈት አድርጎ አየ። ዝም ብሎ ወደ ውሃው መለሳት። ልጁ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፣ ያውቃል።

ወደ ዳር ስንመለስ ለአጎቴ ደወልኩ። ቅዳሴ ሄዶ ይሆናል ብዬ ነበር፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። የት እንዳለሁ ነገርኩት። ዝም አለ። ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አድርጌ ከመቅዘፊያው አጠገብ አስቀመጥኩት። ቋ። ትንሽ ዝምታ። ቋ።

"ማን ነው የሚቀዝፈው?" አለ።

ባለቤቷ ነው አልኩት።

"ቀስ እያለ ነው። ዓሣ የለም ማለት ነው።"

ባለጀልባው ሳቀና ጮክ ብሎ ሰላም አለው፣ ጀልባዋን አልጣልኳትም፣ ትኖራለች አለ። አጎቴ አመሰገነው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀው፣ ስለ ሬንጁ ጠየቀው፣ ስንት ዙር እንዳፈሰሰባት ሳይቀር። በመጨረሻ ለእኔ "መረቡ አጠገብህ ነው?" አለኝ።

ነው አልኩት።

"ጣትህን አስገባ።"

እርጥቡን መረብ ወደ ጉልበቴ ሳብኩት። ጣቶቼን አንድ ላይ አድርጌ ዓይኑ ውስጥ ከተትኩ። ባለጀልባው መቅዘፉን አቁሞ ያየኛል።

"ስንት?" አለ አጎቴ።

"ሦስት" አልኩት።